ካርታው አልከዳኝም

ልጆች፣ ከ30 ዓመት በላይ በኦዲተርነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን አንድ ሌሊት በፖከር፣ በገንዘብ በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ፣ ስለተበላሁበት ዙር ነው።

ልጄ ውጭ አገር ነው። የኦንላይን ውድድር መግቢያ 50 ዶላር ከፈለልኝና አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስጫወት አመሸሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ፣ የሥላሴ ማኅሌት ከሩቅ ይሰማል። 29 ሰው ቀርተናል፤ ሽልማት ያለው ለ27 ነው። ሁለት ሰው እስኪወጣ ብታገሥ ይበቃኝ ነበር።

የልብ 9 እና 8 ይዣለሁ። መጀመሪያ መሀል ላይ ለሁላችንም ከተገለጡት 3 ካርታዎች ሁለቱ ልብ ናቸው። አንድ ልብ ብትጨመር አምስት ይሞላልኛል፣ ፍላሽ የሚሉት ማለት ነው። አራተኛው ካርታ ልብ አልሆነም። መሀል ላይ 9 ሺህ ቺፕስ፣ የመጫወቻው ገንዘብ ማለት ነው፣ ተጠራቅሟል፤ ግማሹ የእኔ። ተጋጣሚዬ ሌላ 9 ሺህ ጣለበት። እኔ ጋ የቀረውም ያው 9 ሺህ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሰዓቷ መስመር እያጠረች ትሄዳለች። አውራ ጣቴ በመተውና በመክፈል ቁልፎች መሀል ቆመ። «እዚህ ድረስ ገብቼ እንዴት እተወዋለሁ?» አልኩና የመክፈሉን ተጫንኩት። የመጨረሻዋ ጥቁር 3 ሆነች። አለቀ።

18 ሺህ ለማግኘት 9 ሺህ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ ከሦስት አንዴ ማሸነፍ አለበት። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች የሚያወጡኝ ግን 9 ብቻ ነበሩ፣ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት በእንቅልፍ ልቤም አልስተውም። ዓይኔን የጋረደኝ አስቀድሜ የከተትኩት 4 ሺህ 500 ነው፤ እሱ ደግሞ መሀል ከገባ በኋላ የእኔ አልነበረም።

በሥራዬ ይህንኑ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ። ግማሽ ላይ የቆመ ፎቅ፣ የማይሸጥ ዕቃ የሞላበት መጋዘን፣ ባለቤቱን ለምን ትጨምርበታለህ ስትሉት «ስንት አፍስሼበት!» ይላችኋል። ቤቲንግ ቤት የተበላውን ሊያስመልስ የታክሲውን የሚያስይዝ ልጅም አውቃለሁ፣ አንጀቴን ይበላኛል። እባካችሁ፣ ልትጨምሩ ስትሉ የገባውን ለአፍታ እርሱት። ዛሬ ገና ብትመጡ ትገቡበት ነበር ወይ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በሐሳብ ብቻ ሲሆን ሰው ራሱን ያባብላል።

ጠዋት ልጄ ደወለ። «ካርታው ከዳኝ» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከነከነኝ። በአራተኛው ቀን ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ የደረሰኙ ጀርባ ላይ 46 እና 9 ጻፍኩ፣ ፎቶ አንስቼ ላኩለትና ደወልኩ። ካርታው ምንም እንዳላደረገኝ ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አባዬ፣ እኔም እኮ ያቺን አሮጌ መኪና የማሠራት እንዲሁ ብዬ ነው» አለኝ።