ከስንት ሴቶች? የት የሚኖሩ? ስለ ፅንስ ማቋረጥ ቁጥሮች ጥያቄና መልስ

ሰብለ፦ እንደምን ዋላችሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ «ሚኒሶታ ውስጥ ፅንስ ማቋረጥ በአንድ ዓመት 20 በመቶ ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ከመቶ በላይ መልስ ተጻፈበት። አብዛኛው ጭቅጭቅ ነበር። ቁጥሩን ከፍቶ ያየ ግን ብዙም አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ሥራዬ የጤና መረጃ ነው፤ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንድ አደራ አለኝ። ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ «ከስንት ሴቶች?» በሉ። ቀጥላችሁ «እዚያው የሚኖሩ ናቸው ወይስ ከሌላ ስቴት የመጡ?» በሉ።

የሴንት ፖሏ፦ ጽሑፉን የለጠፍኩት እኔ ነኝ እህት ሰብለ። ውሸት ነው ያሉኝ አሉ። 20 በመቶው እውነት ነው አይደለም?

ሰብለ፦ እውነት ነው። የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ለ2021 የተመዘገበው 10,136 ነው። ለ2022 ደግሞ 12,175። ብታሰይው 20 በመቶ ይመጣል። አልዋሸሽም።

ግን ይህ ሚኒሶታ ውስጥ *የተፈጸመው* ነው። የሚኒሶታ ሴቶች ቁጥር አይደለም። ልዩነቱን በአንድ ቦታ ላሳይሽ። ፋርጎ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ናት፤ ሙርሄድ ሚኒሶታ ውስጥ። በመሃላቸው አንድ ወንዝ ነው ያለው። በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። የኖርዝ ዳኮታ ብቸኛው ክሊኒክ የነበረው ፋርጎ ነው። ጁን 24፣ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለየስቴቱ ሲተወው፣ ክሊኒኩ በኦገስት ወንዙን ተሻግሮ ሙርሄድ ገባ። የሚመጡት ሴቶች በፊትም ይመጡ የነበሩት ናቸው። አካባቢውም ያው ነው። መዝገቡ ላይ ግን የኖርዝ ዳኮታ ቁጥር ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ የሚኒሶታው ወጣ። እዚያ ክሊኒክ በዓመት ከ1,000 በላይ ይፈጸም ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ማንም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር ይህ ሁሉ በሚኒሶታ መዝገብ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ሌሎቹንም ጎረቤቶች ጨምሪ። ሳውዝ ዳኮታ ወዲያው ከለከለች። ዊስኮንሲን ከጁን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 2023 አገልግሎቱ ቆሞ ነበር። ጎረቤት በር ሲዘጋ ሰው ወደ ተከፈተው ይሄዳል። የ2022 ሪፖርት የስቴቱን ነዋሪና ከውጭ የመጣችውን ለይቶ ያሳያል። ያንን ሰንጠረዥ ሳታይ «ሚኒሶታውያን እንዲህ ሆኑ» አትበይ።

ዳላስ ነኝ፦ እኛ ጋ ቴክሳስ ዜሮ ሆኗል። ስለዚህ ሕጉ ሠርቷል ማለት ነው። ለምን ይህን በግልጽ አትናገሪም?

ሰብለ፦ የማውቀውን በግልጽ እናገራለሁ። ቴክሳስ በዓመት ከ50,000 በላይ ትመዘግብ ነበር። ከሴፕቴምበር 1፣ 2021 ጀምሮ የፅንስ ልብ ምት ከተሰማ በኋላ የሚከለክለው ሕግ ገባ። ያ ስድስት ሳምንት አካባቢ ነው። ከ2022 ክረምት ወዲህ ደግሞ በወር የሚመዘገበው በጣት የሚቆጠር ነው። ቴክሳስ ውስጥ *የሚፈጸመው* ወደ ዜሮ ወርዷል፤ በዚህ ክርክር የለኝም።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ልድገመው፦ ሴቶቹ የት ናቸው? ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶ፣ ካንሳስ የሄዱት በእነዚያ ስቴቶች መዝገብ ላይ ናቸው። በአገር ደረጃ ጉትማከር የሚባለው የምርምር ተቋም እንደቆጠረው በ2023 ወደ 170,000 የሚጠጉ ሴቶች ስቴት ተሻግረዋል። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። በ2020 ከአሥር አንዷ ነበረች። የአገሪቱ ጠቅላላ ድምር ደግሞ በ2020 930,160 ነበር። በ2023 ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ክልከላው በመጣበት ጊዜ የአገሩ ቁጥር አልወረደም። ልጆቻቸውን የወለዱ ሴቶችም አሉ፤ መንገዱን መሄድ ያልቻሉ። እነሱን የምታገኛቸው በወሊድ መዝገብ ነው።

ኃይሉ ከዴንቨር፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይሄ ወሬ ይከብደኛል። 10 ሺህ፣ 12 ሺህ እያላችሁ እንደ እህል ትሰፍራላችሁ። እያንዳንዱ ነፍስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትለውን ሁላችንም እናውቃለን።

ሲስተር አልማዝ፦ ጋሽ ኃይሉ፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት። ግን ክልከላውን ካላላው ከ1997 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በፊት አገር ቤት የማህፀን ክፍል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። በእንጨት፣ በሽቦ ሞክረው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቶ። ስማቸውን እንኳ በትክክል አይነግሩንም ነበር። እነሱም ነፍስ ናቸው። እነሱን የቆጠራቸው አልነበረም።

ኃይሉ ከዴንቨር፦ እነሱን አልረሳሁም እህቴ። የኔ ነገር መፍትሔው ይሄ ነው ወይ ነው።

ዳላስ ነኝ፦ መፍትሔው ሌላ ርዕስ ነው። እሷ «አልወረደም» ያለችውን ነው እኔ የማልቀበለው።

ሰብለ፦ ጋሽ ኃይሉ፣ የሚሰማህን አከብራለሁ። ሲስተርም ያየችውን አይታለች። የእምነቱን ክርክር ግን እኔ አልዳኝም፤ ለብቻው ክፈቱለት። እኔ የምለው አንድ ነው። ይቀንስ የሚልም ሆነ ሴቶች አይሙቱ የሚል፣ ቁጥሩ ከተበላሸ ሁለቱም በጨለማ ነው የሚሄዱት።

ታዛቢ፦ የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ 620 ሺህ ይላል። አንቺ 930 ሺህ ትያለሽ። ሁለቱም 2020። አንዱ እየዋሸ ነው።

ሰብለ፦ ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። ማንም አልዋሸም።

ሲዲሲ ከ1969 ጀምሮ ከየስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት የሚላክለትን ነው የሚደምረው። መላክ ግን ግዴታ አይደለም፤ ስቴቶች በፈቃዳቸው ነው የሚልኩት። ለ2020 ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ኒው ሃምፕሻየር አልላኩም። በድምሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ሲዲሲ 620,327 አለ። ጉትማከር ደግሞ ስቴቱን ትቶ አገልግሎቱን የሚሰጡትን ክሊኒኮችና ሐኪሞች በቀጥታ ይጠይቃል። 930,160 ያገኘው እንደዚያ ነው። ካሊፎርኒያ ብቻዋን በጉትማከር ቆጠራ 154,060 ናት። ልዩነቱ 310,000 ገደማ ነው፤ ግማሹ ያህል እዚያ ጋ ተቀምጧል። የቀረው ከሌሎቹ ሁለት ስቴቶችና ሪፖርታቸው ካልተሟላ ቦታዎች ነው።

ታዲያ ሲዲሲን ልጣለው? አይሆንም። ዕድሜና የእርግዝና ሳምንት የምታገኘው እሱ ጋ ነው። ለድምር ጉትማከር፣ ለዝርዝር ሲዲሲ። የአንዱን 2019 ከሌላው 2020 ጋር አስቀምጦ «በአንድ ዓመት በግማሽ ጨመረ» የሚል ሥዕል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው አምኖ ያጋራዋል።

መቅዲ፦ ሚኒሶታ ካሉት ስንቶቹ ሐበሻ ናቸው?

ሰብለ፦ ከእነዚህ ሰንጠረዦች አይታወቅም። ዘር እንጂ የትውልድ አገር አይለዩም። «ጥቁር» የሚለው ረድፍ ውስጥ ሁላችንም አለን። ከዚያ ረድፍ ተነስቶ ስለ ሐበሻ ሴቶች የሚያወራ ካለ አትመኑት።

አቤል፦ ባጭሩ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?

ሰብለ፦ የት? ከመቼ እስከ መቼ?

አቤል፦ አሜሪካ በአጠቃላይ።

ሰብለ፦ ከመቼ ወዲህ የሚለው ላይ ነው የሚወሰነው። ከ15 እስከ 44 ዓመት ካሉ 1,000 ሴቶች በ1981 29.3 ነበር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ወረደ። በ2017 13.5 ደረሰ። በ2020 14.4። በ2023 ወደ 16 ተጠጋ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትልቁ መውረድ የመጣው ሕጉ ከመቀየሩ በፊት ነው። መልሶ መውጣት የጀመረውም ሕጉ ከመቀየሩ በፊት ነው። «ከውሳኔው በኋላ ጨመረ» ወይም «ከውሳኔው በኋላ ቀነሰ» ብላችሁ ነገሩን ከ2022 አትጀምሩት።

ዳላስ ነኝ፦ በፖስታ የሚላከው ኪኒንስ?

ሰብለ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ2020 ከግማሽ በላይ፣ 53 በመቶው በኪኒን ነበር። በ2023 63 በመቶ። በ2024 መጨረሻ ላይ ከአራት አንዱ በስልክና በቪዲዮ ምክክር ታዝዞ የሚላክ ሆኗል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ከለከሉ ስቴቶች የሚሄዱ ናቸው። የከለከለው ስቴት መዝገብ ላይ አይገቡም። የጉትማከር የ2023 ድምርም እነዚህን አይጨምርም። ስለዚህ «ቴክሳስ ዜሮ» የሚለውን አሁን እንደገና አንብበው።

የማርታ እናት፦ በስምንተኛ፣ በዘጠነኛ ወር ነው የሚያደርጉት ይባላል። ስንቱ ነው?

ሰብለ፦ በሲዲሲ የ2020 ቁጥር 93.1 በመቶው እስከ 13 ሳምንት ባለው ነው። 80.9 በመቶው እስከ 9 ሳምንት። 21 ሳምንትና ከዚያ በላይ 0.9 በመቶ። ዘጠነኛ ወር ከ21 ሳምንት በጣም ይርቃል።

ስም አይጠቀስ፦ የአጎቴ ልጅ ኦሃዮ ናት፣ ስምንት ሳምንቷ ነው፣ የት ትሂድ?

ሰብለ፦ የኔ እህት፣ ይህን እዚህ አትጠይቂ። ለእሷም ደህንነት ብለሽ ጽሑፉን አጥፊው። ወደ ሐኪሟ ትደውል።

ብሩክ፦ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?

ሰብለ፦ ከላይ ለአቤል መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ።

ተማሪ ከጎንደር፦ የአገራችንስ? ለመመረቂያ ጽሑፌ እፈልገዋለሁ። ስለ ኢትዮጵያ በተሠራ ጥናት ላይ «2008» የሚል አየሁ፤ በ2008 ዓ.ም ማለት ነው?

ሰብለ፦ አይደለም፣ እና ስለጠየቅህ ደስ አለኝ። የፈረንጅ 2008 ነው። በእኛ 2000። ሁለተኛው የ2014 ጥናት በእኛ 2006 ነው። ይህን ያምታታ ሰው ሕጉ ከወጣበት ከ1997 ዓ.ም ጋር ያለውን ርቀት ሁሉ ያበላሻል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ሚኒሶታ አንድ በአንድ የተቆጠረ ድምር የለም። ጤና ተቋም የሰጠውን ይመዘግባል። ቤት ውስጥ የሆነውን የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ገመቱ። ጤና ተቋማት ሄደው ችግር ገጥሟቸው የመጡትን ሴቶች ያሰላሉ። ከዚያ ባለሙያዎችን «አንዲት ሴት ጤና ተቋም ስትደርስ ስንቶቹ ሳይመጡ ይቀራሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። በመልሱ ያባዛሉ።

ለ2008 382,500 ገመቱ። ለ2014 620,300። ብዛቱ በ62 በመቶ አደገ። አሁን የኔን ጥያቄ ጠይቅ። ከስንት ሴቶች? ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 1,000 ሴቶች 22 የነበረው 28 ሆነ። ይህ 27 በመቶ ነው። የቀረው የሴቶቹ ብዛት መጨመር ነው። 62 ብሎ የሚጽፍና 27 ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ አንድ ጥናት ነው የሚያወሩት።

እኔ በጣም የምወደው ቁጥር ሌላ ነው። በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተፈጸመው ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ ወጣ። የሲስተር አልማዝ ልጆች ያሉት እዚህ ውስጥ ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ አዎ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አዋላጆችና ነርሶች ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ለውጡ እሱ ነው።

ሰብለ፦ ትክክል ነሽ። ከሐኪም በታች ያሉ ባለሙያዎች የሰጡት ድርሻ ከ48 ወደ 83 በመቶ ወጥቷል።

ታዛቢ፦ አዲስ አበባ 92 የሚል አለ። ሸገር ጠፋች ማለት ነው?

ሰብለ፦ ከ1,000 ሴቶች 92፣ አዎ፣ በ2014። ግን እንደ ሙርሄድ አስበው። ከክልል መጥታ አዲስ አበባ የታከመች ሴት የት ተቆጠረች? አገልግሎቱ ያለበት ከተማ ሁሌም ከፍ ይላል። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው ይህን ስጽፍ።

ዳንኤል፦ ቃሉ ራሱ ያምታታል። ውርጃ፣ ማስወረድ፣ ማቋረጥ፣ መጨንገፍ። የቱ ነው ትክክል?

መቅዲ፦ እናቴ በራሱ ለወጣውም «አስወረዳት» ነው የምትለው።

ዳንኤል፦ ለዚህ ነው የምጠይቀው። «ውርጃ» ሲባል ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ሰብለ፦ እዚህ የምናወራው ታስቦበት ስለሚቋረጥ እርግዝና ብቻ ነው። በራሱ የወጣው በእነዚህ ድምሮች ውስጥ የለም። አገር ቤት ግን ከውርጃ በኋላ ሕክምና የሚል መዝገብ ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ። ተመራማሪዎቹ የተፈጥሮውን ገምተው ይቀንሳሉ። ተማሪው፣ መዝገብ ቤት ከሄድክ ያንን ሳትለይ እንዳትደምር። በሁለት ነጥብ ብቻ ደግሞ አዝማሚያ አለ ብለህ እስከ ዛሬ መስመር አትዘርጋ።

አንድነት፦ እሺ በመጨረሻ ቀንሷል ወይስ...

ሰብለ፦ ወንድሜ፣ ከላይ።

ተማሪ ከጎንደር፦ ለአሜሪካው ክፍልስ በየስቴቱ ካሉት ሪፖርቶች የትኛው ይሻላል?

ሰብለ፦ ሚኒሶታን ውሰድ፤ የብዙ ዓመት ተከታታይ አለው። አንድ ነገር ግን ጠብቅ። በ2023 ሕጉ ተሻሽሎ ከቅጹ ላይ የተወሰኑ ጥያቄዎች ወጥተዋል። ለሴቶቹ ግላዊነት ተብሎ የተደረገ ነው፤ ይገባኛል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ የ2022ን ዝርዝር ከኋለኞቹ ጋር ስታነጻጽር አንድ ዓይነት ቅጽ ነው ብለህ እንዳትነሳ።

የሴንት ፖሏ፦ ጽሑፌን አስተካከልኩት። «12,175ቱ ውስጥ ከሌላ ስቴት የመጡም አሉ» ብዬ ጨመርኩ።

ሰብለ፦ ኑሪልኝ። የፋርጎውን ክሊኒክም ጨምሪበት፤ በየትኛው ወር እንደተሻገረ ጻፊ።