የሥራ ፈተና ብለው የላኩልሽን ኮድ ከማስነሣትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለሆነ ባጭሩ ልድገመው። የብሎክቼይን ኩባንያ መልማይ ነኝ ያለ ሰው ሊንክድኢን ላይ አገኘሽ። ሥራው ከቤት የሚሠራ፣ ክፍያው በወር 5 ሺህ ዶላር በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ነው አለሽ። ከዚያ ወደ ቴሌግራም ወሰደሽና የጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ሊንክ ልኮ "ፕሮጀክቱን አውርደሽ አስነሺው፣ ያለበትን ስህተት በ2 ሰዓት ውስጥ አስተካክይ" አለሽ። ያለሽ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤትሽ ነው፣ ዋሌትሽ (የክሪፕቶ ቦርሳሽ) ደግሞ ባዶ ነው። "ታዲያ ምን ሊወስዱብኝ ይችላሉ?" ብለሻል።

አታስነሺው። ሰውየው እውነተኛ ቀጣሪ ቢሆን እንኳ በዚያ ላፕቶፕ ላይ አታስነሺው። የነገርሽኝ አካሄድ የደኅንነት ባለሙያዎች "ኮንቴጂየስ ኢንተርቪው" ብለው ከሰየሙት፣ ከሰሜን ኮሪያ ሃከሮች ጋር ከተያያዘው ዘመቻ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። ዘመቻው በስሙ የታወቀው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዛሬም አልቆመም።

"ዋሌቴ ባዶ ነው" የሚለው መከራከሪያ በጣም ያሳስበኛል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የአንቺ ገንዘብ ሳይሆን አንቺ የምትገቢበት በር ነው። ዲኤምኤም ቢትኮይን የተባለውን የጃፓን የክሪፕቶ መገበያያ ነገር ተመልከቺ። በማርች 2024 መጨረሻ ላይ ለዲኤምኤም የዋሌት ሶፍትዌር በሚያቀርበው፣ ጊንኮ በተባለ የጃፓን ኩባንያ የሚሠራ ሰው ሊንክድኢን ላይ ከመልማይ መልእክት ደረሰው። የቅጥር ፈተና ተብሎ የተላከለት ጊትሃብ ላይ የተቀመጠ የፓይተን ስክሪፕት ነበር። በዚያ በኩል የሰሜን ኮሪያ ሃከሮች ገቡበት። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ በሜይ አጋማሽ፣ የሰውየውን የሴሽን ኩኪ (አንዴ የገባ ሰው ይለፍ ቃል ዳግም እንዳይጠየቅ የሚያደርግ ፋይል) ይዘው እሱን መስለው የኩባንያው የውስጥ መገናኛ ውስጥ ገቡ። በወሩ መጨረሻ የዲኤምኤም ሠራተኛ ያቀረበውን ሕጋዊ የዝውውር ጥያቄ ለወጡትና 4,502.9 ቢትኮይን ወሰዱ፤ በጊዜው ዋጋ 308 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሰውየው የግል ዋሌት ባዶ ይሁን ሙሉ ለነገሩ ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር።

ኮዱን ሳታወርጂ ብሮውዘር ላይ ማንበብ ትችያለሽ። መጀመሪያ ፓኬጅ ዶት ጄሰን (የፕሮጀክቱ ዝርዝር ፋይል) ውስጥ "ስክሪፕትስ" የሚለውን ክፍል እዪ። ፕሪኢንስቶል፣ ፖስትኢንስቶል ወይም ፕሪፔር የሚል ካለ ኤንፒኤም ኢንስቶል (የፕሮጀክቱን ላይብረሪዎች የሚያወርደው ትእዛዝ) ባልሽበት ቅጽበት ሳይጠይቅሽ የሚሠራ ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ነጥብ ቪኤስኮድ የሚለውን ፎልደር እዪ። ታስክስ ዶት ጄሰን ውስጥ "ፎልደር ኦፕን" የሚል ቃል ካገኘሽ ፎልደሩን ቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ መክፈትሽ ብቻ ኮዱን ሊያስነሣው ይችላል። ለዚህ ነው ቪኤስ ኮድ "ጸሐፊዎቹን ታምኛቸዋለሽ?" ብሎ ሲጠይቅሽ "አላምንም" ማለት ያለብሽ።

እነዚህ ንጹሕ ሆነው ቢገኙ ግን ፕሮጀክቱ ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የተለመደው መደበቂያ ሰርቨሩ ጎን ያለ ማንም የማያነበው የኮንፊግ ፋይል ነው። ስትከፍቺው አርባ መስመር ገደማ ንጹሕ ኮድ ይመስላል። አንዱ መስመር ላይ ግን ከሴሚኮለኑ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ባዶ ቦታ ይተውና ተንኮሉ ከስክሪኑ ውጭ በስተቀኝ ይጻፋል። የሚያሳብቀው ከታች ያለው የአግድም መንሸራተቻ ከልክ በላይ ማጠሩ ብቻ ነው። ቪኤስ ኮድ ላይ ኦልት እና ዜድ ብትጫኚ መስመሩ ታጥፎ ሁሉም ይታያል። ሌላው ዘዴ ከዚህ የረቀቀ ነው፦ ኮዱ ወደ አንድ የማይታወቅ አድራሻ ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ ሆን ብሎ "ስህተት" ይመልሳል፣ የስህተት መያዣው ክፍል ደግሞ የመጣለትን ጽሑፍ እንደ ኮድ ያስኬደዋል። ስለዚህ ኢቫል፣ ፋንክሽን ኮንስትራክተር፣ ቻይልድ ፕሮሰስ (ጽሑፍን እንደ ኮድ የሚያስኬዱ ወይም ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሡ ትእዛዞች) እና በቤዝ64 (ይዘቱ በዓይን በማይነበብ አጻጻፍ) የተጻፉ ረጃጅም የፊደል ሰንሰለቶችን ፈልጊ። የምታውቂውን ላይብረሪ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ለውጦ የወጣ ፓኬጅ መኖሩንም እዪ።

አንዴ ከተነሣ ቢቨርቴይል የሚባለው የተንኮል ኮዱ የመጀመሪያ ክፍል የብሮውዘር ይለፍ ቃሎችንና የዋሌት ኤክስቴንሽን ፎልደሮችን ጠራርጎ ይልካል። ተከትሎ የሚወርደው ኢንቪዚብልፌሬት ደግሞ የምትጽፊውን እየመዘገበ ማሽኑን ከሩቅ ያዛል። የሜታማስክ (ብሮውዘር ላይ የሚጫን ዋሌት) ፋይል በይለፍ ቃልሽ የተቆለፈ ቢሆንም ቅጂው እጃቸው ከገባ በኋላ ያለ ገደብ መሞከር ይችላሉ፤ አጭር ይለፍ ቃል ብዙ አይቆያቸውም።

የግድ ማስነሣት ካለብሽ ከመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ውጭ በሌላ ማሽን ላይ የተለየ ቦታ አዘጋጂ። ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) በነጻ ይወርዳል፤ ለሊኑክስ 4 ጊጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ዲስክ ስጪው። የጋራ ፎልደርና የጋራ ክሊፕቦርድ ዝጊ፣ ውስጡ በምንም አካውንት አትግቢ፣ ስትጨርሺ ሙሉውን ሰርዢው። ሌላ ማሽን ከሌለሽ ወይም ካልቻለ ጊትሃብ ኮድስፔስ (በኢንተርኔት በኩል የሚሠራ ማሽን) ለግል አካውንት በወር 60 ሰዓት ባለ 2 ኮር ማሽን በነጻ ይሰጣል፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ግን አታስገቢበት። ዶከር (ፕሮግራምን ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ብቻውን በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ብዙ ሰው ሆም ፎልደሩን አያይዞበት ጥቅሙን ያጠፋዋል። ኤንፒኤምን "ኢግኖር ስክሪፕትስ" ብሎ ማስኬድም የሚያግደው የኢንስቶሉን ብቻ ነው፤ ፕሮጀክቱን ስታስነሺ ኮዱ ይሠራል።

ሰውየውን ለማጣራት እሱ የላከልሽን ሊንክ አትጠቀሚ። የኩባንያውን ድረ ገጽ ራስሽ ፈልገሽ የሥራ ማስታወቂያው መኖሩን እዪ፣ እዚያ በተጻፈው ኢሜይል ጠይቂ። ሊንክድኢን ላይ "ስለዚህ ፕሮፋይል" የሚለው መቼ እንደተከፈተ ያሳያል። የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ "ካሜራሽ አልሠራም፣ ይህን ተርሚናል ላይ ፔስት አድርጊ" ካሉሽ እዚያው ዝጊው።

አንድ ሰው ቀድሞ አስነሥቶት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ከኢንተርኔት ያውጣ። ከዚያ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ በአዲስ 12 ቃላት (የዋሌቱ ምስጢራዊ መክፈቻ) አዲስ ዋሌት ይክፈትና ያለውን ከትልቁ ጀምሮ ያዛውር። የሜታማስክ ይለፍ ቃል መቀየር ዋጋ የለውም፣ የተሰረቀው ቁልፉ ነውና። አፕሩቫል (ዋሌቱ ለሌሎች የሰጠውን የማንቀሳቀስ ፈቃድ) መሰረዝም እንዲሁ። ወደ አሮጌው ዋሌት ለጋዝ (ለዝውውር ክፍያ) ብሎ ኢተር መላክ ደግሞ ከባድ ስህተት ነው፤ የሚጠብቅ ቦት ካለ በሰከንዶች ይወስደዋል። ቀጥሎ ከጉግል፣ ከጊትሃብና ከኤክስቼንጅ አካውንቶች "ከሁሉም መሣሪያ ውጣ" ይበል፤ ኩኪ ከተሰረቀ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ቢኖርም አያግዳቸውም። ወደ ሰርቨርና ወደ አገልግሎቶች የሚያስገቡት የኤስኤስኤች ቁልፎች፣ የኤፒአይ ቁልፎችና የኤንፒኤም ቶከን ሁሉ ይቀየሩ። ላፕቶፑ እንደ አዲስ ይጫን፤ አንቲቫይረስ ንጹሕ ነው ማለቱ አይበቃም። ለመሥሪያ ቤቱም በዚያው ቀን ይናገር። ይህን የሚያዘገየው ኀፍረት ነው፤ ጊንኮ ላይ እንዳየሽው ግን ጉዳቱ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ "አፕዎርክ ወይም ሊንክድኢን አካውንትሽን አከራዪን፣ እኛ እንሠራበታለን።" እምቢ በይ። የሰሜን ኮሪያ ሠራተኞች አሜሪካ ያሉ እንዲመስሉ ላፕቶፖችን ቤቷ አስቀምጣ ያገለገለች የአሪዞና ነዋሪ በጁላይ 2025 የ102 ወር እስራት ተፈርዶባታል። ስለ ዩኤስዲቲ ደመወዙም፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕጋዊው ገንዘብ ብር እንደሆነና በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። ስለዚህ በጽሑፍ ውልና በባንክ የሚከፍል ቀጣሪ ጠይቂ።

ለመልማዩ ዛሬ ማታ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ "ኮዱን በመሥሪያ ቤቴ ማሽን ላይ አላስነሣም። በስክሪን ሼር እናንተ አስነሡትና ስህተቱን አብረን እንይ፣ ወይም ፈተናውን ከኩባንያው ኢሜይል ላኩልኝ።" ከመላክሽ በፊት ግን የቻቱን፣ የፕሮፋይሉንና የጊትሃብ ገጹን ስክሪንሾት ያዢ፤ ብዙውን ጊዜ ይህን ሲያነቡ ሁሉንም ያጠፉታል፣ ለሊንክድኢንና ለጊትሃብ ሪፖርት ስታደርጊ ግን ያስፈልግሻል።