ቴሰራክት ተጭኖ ሲያበቃ ላይብረሪውን አላገኘሁም ለሚልዎት

ጠያቂያችን፣ በምስል ላይ ያለ ጽሑፍን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለውጠውን ቴሰራክት 5ን ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ላይ ከሶርስ ኮምፓይል አድርገው (ከምንጭ ኮዱ ራስዎ ገንብተው) እስከ መጫኛው ትእዛዝ እስከ ሜክ ኢንስቶል ድረስ ያለ ችግር እንደሄደልዎት፣ ሲያስነሱት ግን «ሊብቴሰራክት ኤስኦ 5ን መክፈት አልተቻለም» እንደሚልዎት ጽፈዋል፤ ይህ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ ኮድ ፋይል ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር በስካን የተነሱ የአማርኛ ደብዳቤዎችን ወደ ጽሑፍ ስለውጥ ይኸው ነገር ገጥሞኛልና፣ የእርስዎም ከእኔው የሚለይ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ እንደገና ኮምፓይል አያድርጉ። በኮምፓይል ጊዜ ላይብረሪ የሚፈልገው ሊንከሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ ሎደሩ ነው። የእርስዎ ሊንከር ሥራውን ጨርሷል። ላይብረሪው /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሎደሩ ግን የሚያየው አስቀድሞ የተዘጋጀ የላይብረሪዎች አድራሻ ዝርዝር (ካሽ) ስለሆነ አዲሱን ፋይል አያውቀውም። ሱዶ ኤልዲኮንፊግ ብለው ካሹን ያድሱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ካላለቀ፣ ፕሮግራሙ የትኛውን ላይብረሪ ከየት እንደሚያነሣ በሚያሳየው በኤልዲዲ ትእዛዝ ይመርምሩ። ኮምፓይል ባደረጉበት ፎልደር ያለው ፋይል ሊብቱል የተባለው የግንባታ መሣሪያ የጻፈው ስክሪፕት ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም፤ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ የተጫነውን ይመርምሩና ከእያንዳንዱ ላይብረሪ ስም ፊት ለፊት ያለውን አድራሻ አንድ በአንድ ያንብቡ።

ሦስተኛ፣ ማንም ቢመክርዎ ከኡቡንቱ ፓኬጅ የመጣውን ኤስኦ 4 በኤስኦ 5 ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ስም) እንዳያደርጉት። ከ4 ወደ 5 የተቀየረው ቁጥር፣ የውስጡ ፈንክሽኖች ከአሮጌው ጋር እንደማይገጥሙ የሚያሳውቅ ነው። ሥራውን በተቀበልሁበት መሥሪያ ቤት የሰርቨሩ ባለሙያ ከእኔ በፊት ይህንኑ አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ ስህተቱ መልኩን ለውጦ «ያልታወቀ ሲምቦል» ማለት ስለ ጀመረ፣ ሁሉም ጥፋቱን በሶርስ ኮዱ ላይ ጫነው። ሊንኩን አጥፍቶ ኤልዲኮንፊግ እንዲያስኬድልኝ በትሕትና ብጠይቀው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የኃላፊው ደብዳቤ ይምጣ» አለኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ መዝገብ ቤቱ ማመልከቻው ቁጥር የለውም ብሎ መለሰኝ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ «ነገ ይመለሱ» ብቻ ነበር። በዓይን ጥቅሻ ለሚያልቅ ትእዛዝ ሰውን እንዲህ ማንከራተት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ ከሌለዎት ማንንም አይለማመጡ። እኔ ግንባታውን የሚያዘጋጀውን ኮንፊገርን ሳስኬድ ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ቦታ) የራሴ ሆም ፎልደር አደረግሁት። ቴሰራክት የምስል ላይብረሪ ከሆነው ከሌፕቶኒካ ውጭ አይሠራምና፣ ለኮምፓይል የሚያስፈልገው የሌፕቶኒካ ዴቭ ፓኬጅም ስላልተጫነ፣ አስቀድሜ እርሱን ከሶርስ እዚያው ጫንሁ። ቀጥሎም የቴሰራክት ኮንፊገር እንዲያገኘው ፒኬጂ ኮንፊግ ፓዝ የተባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ በፕሪፊክሱ ሊብ ሥር ወዳለው ፒኬጂኮንፊግ ፎልደር አመለከትሁ፤ ለሊንከሩ ምርጫዎችን በሚያስተላልፈው በኤልዲፍላግስ ደግሞ የሊብ ፎልደሬን አርፓዝ አድርጌ ሰጠሁት። አርፓዝ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፍ አድራሻ ሲሆን፣ ሎደሩ ከካሹ በፊት ስለሚያየው የዚያ ባለሙያ ሲምሊንክ ባለበት ቢቀመጥም አላሰናከለኝም። ደብዳቤዎቹ ያለ ማንም ፊርማ ተለቅመው አለቁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ሎደሩ የሚፈልግበትን ፎልደር የሚጨምረውን ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ግን ለሙከራ በአንድ ተርሚናል ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት፤ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው ባሽአርሲ ውስጥ ከጻፉት ሌሎች ፕሮግራሞችም የማይሆናቸውን ላይብረሪ ሊያነሡ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የአማርኛውን ዳታ መክፈት አልቻልሁም ካለዎት፣ የላይብረሪው ጉዳይ አልቋል ማለት ነው፤ ከሶርስ ሲጫን የቋንቋ ፋይል አብሮ ስለማይመጣ፣ ኤኤምኤች ትሬንድዳታን አውርደው በፕሪፊክሱ ሼር ሥር ባለው ቴስዳታ ፎልደር ያስቀምጡት።