«አምባሳደሩን ጠራ» ሲባል የማንን?

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልን የአማርኛ መምህር ተማሪዎቻቸው ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና ሲያዘጋጁ «አምባሳደሩ ተጠሩ»፣ «ተባረሩ»፣ «ግንኙነቱ ተቋረጠ» የሚሉትን እንደ አንድ እያፈራረቁ መጻፋቸው አሳስቧቸው ልዩነቱን ይጠይቃሉ።

መምህር፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ግሱን የሚወስነው ድርጊቱን የፈጸመው አገር ነው። ላኪው አገር የራሱን ሰው ሲመልስ «ጠራ»፣ ተቀባዩ አገር ሲያስወጣ «አባረረ» እንላለን። ግንኙነት ማቋረጥ ከሁለቱም ይከብዳል፤ አምባሳደር ተባሮም ኤምባሲው ሥራውን ሊቀጥል ይችላልና።

ይበልጥ የሚያሳስተው «ጠራ» ነው። «የፈረንሳይ መንግሥት አምባሳደሩን ጠራ» ቢባል «አምባሳደሩን» የሚለው «የራሱን አምባሳደር»ም «ያንን አምባሳደር»ም ይሆናል። ስለዚህ መንግሥቱ የራሱን ሰው ወደ አገር ቤት መልሶ ይሁን፣ ወይም ፓሪስ ያለውን የሌላ አገር አምባሳደር ለማብራሪያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስጠርቶ፣ አንባቢው አያውቅም። «ፈረንሳይ አምባሳደሯን ጠራች» ሲባል ግን የራሷ መሆኑ ግልጽ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በሰርጓጅ መርከብ ውል ተቆጥታ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ አምባሳደሮቿን ስትጠራ የሆነው ይኸው ነው። «ከዋሽንግተን ለምክክር ጠራ» ወይም «የአሜሪካን አምባሳደር ለማብራሪያ ጠራ» ብሎ ከየትና ለምን እንደሆነ መጨመር ችግሩን ይፈታል።

«አባረረ»ም ጥንቃቄ ይሻል። የዲፕሎማቶችን ጉዳይ በሚደነግገው በ1961 እ.ኤ.አ.ው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 9 መሠረት ተቀባዩ አገር በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያቱን ሳይገልጽ፣ ዲፕሎማቱ «ተቀባይነት የሌለው ሰው» (ፐርሶና ኖን ግራታ) መሆኑን ለላኪው ያስታውቃል። ከዚያ ሰውየውን የሚመልሰው ወይም ተልእኮውን የሚያቋርጠው ላኪው ነው። በተገቢው ጊዜ ካልፈጸመ ተቀባዩ ሰውየውን የኤምባሲው አባል አድርጎ አልቀበልም ማለት ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ዜና «እንዲወጡ ተነገራቸው» ማለት «ተባረሩ» ከማለት ይሻላል።

ስምምነቱ ለመውጫ የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣናት በ72 ሰዓት እንዲወጡ ስታዝ ገደቡን የቆረጠችው ራሷ ናት። ድርጅቱም «ተቀባይነት የሌለው ሰው» የሚለው ደንብ የአገር መልእክተኞችን እንጂ የእኔን ሠራተኞች አይመለከትም ብሎ ተከራክሯል። እንዲህ ያለውን ዜና «ዲፕሎማቶች ተባረሩ» ብሎ መጻፍ ክርክሩን ያለ ዳኛ መፍረድ ነው።

«ያለመከሰስ መብታቸው ተነስቶ ተባረሩ» የሚለውን ደግሞ ተማሪዎችዎ ፈጽሞ አይጻፉት። መብቱን ማንሳት የሚችለው ላኪው አገር ብቻ ነው። ውጣ የተባለ ዲፕሎማት ከአገር እስኪወጣ ወይም ለመውጫ የሚሰጠው ተገቢ ጊዜ እስኪያልቅ ከነመብቱ ነው፤ በተልእኮው ለሠራው ሥራ ደግሞ ከሄደ በኋላም አይከሰስም።