የቢሮ ኮምፒውተር ሳሎን ሲገባ

ከግንፍሌ የጻፈልን ወንድማችን ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በጨረታ የወጣ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቷል፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ጠፍጣፋውና ትንሹ፣ ኮር አይ 5 ሦስተኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 4 ጂቢ። ሳሎን ካለው ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቲቪ ጋር በቪጂኤ ገመድ አገናኝቶታል። በቲቪው ድምፅ አይወጣም። አንዳንዱ ፊልም ጥሩ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይቆራረጣል። የልጅነቱን የሱፐር ኒንቴንዶና የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች በሬትሮአርች (የድሮ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ በሚያጫውት ፕሮግራም) ከፍቷል፤ በተኑን ሲጫን ግን ሰውየው ዘግይቶ ነው የሚዘለው። አንድ ባለሙያ «ግራፊክስ ካርድ ግዛ» ብሎታል።

አትግዛ ወንድሜ፣ ብርህን ኪስህ አድርግ። የዚህ ማሽን ሳጥን ጠባብ ነው፤ መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም። ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ብቻ ነው። ደግሞም ሦስቱም ችግሮችህ ያለ ካርድ ይፈታሉ።

ድምፁ ቀላል ነው። ቪጂኤ ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ማሽንህ ኤችዲኤምአይ የለውም፣ ከኋላው ግን ሁለት ዲስፕሌይፖርት አለው። ኤችዲኤምአይ ይመስላል፤ ልዩነቱ አንድ ጥጉ ብቻ መቆረጡ ነው። መርካቶ ወይም ስታዲየም አካባቢ ብቅ በልና ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስድ ገመድ ግዛ። አቅጣጫውን ሳታረጋግጥ ግን ብር እንዳትከፍል። በተቃራኒው የሚሄደው ገመድ መልኩ ቁርጥ ያንኑ ነው፣ ለአንተ ግን አይሠራም። ከሰካኸው በኋላ ከታች በስተቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ነካ አድርገህ የቲቪውን ስም ምረጥ። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠብህ ቲቪው ሜኑ ውስጥ ገብተህ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልግ።

ዋናው ጣጣ ፊልሙ ላይ ነው። የሚቆራረጠውን ፊልም በቪኤልሲ ክፈትና ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጫን። በሚመጣው መስኮት «ኮዴክ» የሚለውን መስመር እይ፤ ፊልሙ የታመቀበት ዘዴ ማለት ነው። ኤች 264 ካለ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ፕሮሰሰሩ ብዙም አይደክም። ኤችኢቪሲ ወይም ኤች 265 ካለ ግን ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ኢንቴል ኤችኢቪሲን በግራፊክሱ መፍታት የጀመረው በ2015 ከወጣው 6ኛው ጀነሬሽን ነው፤ ባለ 10 ቢቱን ደግሞ ከ7ኛው። ያንተ ሦስተኛው ነው። ባለ 1080ውን ኤችኢቪሲ ብዙ ጊዜ እየታገለም ቢሆን ይወጣዋል፣ ፎር ኬ ሲመጣ ግን እጁን ይሰጣል። መስኮቱ ላይ 3840 በ2160 የሚል ካየህ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ቲቪህ 1920 በ1080 ስለሆነ ያን ሁሉ ፒክስል ተሸክሞ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳይህ። የዚያኑ ፊልም ባለ 1080 ኮፒ ያዝ። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ ኤችኢቪሲን በራሱ ያጫውታል፤ ፍላሹን በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰክተህ ሞክር። የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ወደ ኤክስፋት ቀይረው።

ብር ማውጣት ካማረህ ሌላ ባለ 4 ጂቢ ዲዲአር 3 ራም ጨምርና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተካ። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ እሱም ይፈጥናል።

ጌሙን በተመለከተ ኮምፒውተርህን አትጠርጥረው፣ ለእነዚህ ጌሞች ከበቂ በላይ ነው። የሚያዘገየው ቲቪው ነው። ምስሉን አሳምሮ እስኪያወጣው ጊዜ ይፈጃል። ቲቪው ሜኑ ውስጥ «ጌም ሞድ»ን አብራ፣ ጆይስቲኩንም ባለገመዱን አድርገው። ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ። ፕሌይስቴሽን 2 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ በዚህ ግራፊክስ ብዙ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መብራት። ስታብላይዘር ከሌለህ ከሁሉ በፊት እሱን ግዛ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 2ን ተጫንና ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ «ኤሲ ሪከቨሪ»ን እይ። የቢሮ ማሽኖች ላይ አንዳንዴ «ፓወር ኦን» ተደርጎ ይገኛል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በራሱ ይነሳል ማለት ነው። መብራቱ ሄድ መጣ በሚልበት ምሽት ይህ ለሃርድ ዲስኩ ጥሩ አይደለም። «ፓወር ኦፍ» አድርገውና መብራቱ ሲረጋጋ ራስህ አብራው።