ቦርዱ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? በዚህኛው ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸው ግን አንድ ቦታ ይገናኛል። ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ የምትቀመጠው፣ ቦርዱን ከኮምፒውተር ጋር የምታነጋግረው ትንሽ ጥቁር ቺፕ ላይ። ስንቱ ደህና ቦርድ እሷን ባለማወቅ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል! ይሄ ነገር ከልብ ያናድደኛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ የምማር ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክት ብዬ ርካሹን የአርዱዪኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ኮፒ ገዛሁ። ላፕቶፔ ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል፤ ፕሮግራም ልጭንበት ስል ግን ፖርት (ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚያገኝበት በር) የሚባል ነገር የለም። ጓደኞቼ "ተቃጥሏል፣ ጣለው" ይሉኛል። የሸጠልኝም ሰው አልቀይርም ብሏል። እውነት ተቃጥሎ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆይ፣ እንዳትጥለው።

መብራቱ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 5 ቮልት ቦርዱ ጋ ደርሷል። መረጃ ማለፉን አይነግርህም። በተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። መብራቱን የሚያበሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

አሁን ወደ ቺፗ እንምጣ። ናኖ ላይ ያለው ዋናው ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራምህን የሚያስኬደው ኤቲሜጋ328፣ ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚችለው ሰሪያል ነው፤ በአንድ መስመር ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል፣ አለቀ። ዩኤስቢ ግን ወሬው ብዙ ነው። ገና ስትሰካው ኮምፒውተሩ "ማነህ?" ብሎ ይጠይቃል፣ አድራሻ ይሰጣል፣ የአምራቹንና የዕቃውን ቁጥር ይቀበላል፣ ከዚያ በቁጥሩ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያነጋግርበትን ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ይሄን ሁሉ ንግግር የምታካሂደው መሃል ያለችው ቺፕ ናት፤ በማይግባቡ ሁለት ሰዎች መሃል እንደቆመ አስተርጓሚ በላት። አስተርጓሚዋ ከቀረች ላፕቶፑም ማይክሮኮንትሮለሩም ጤነኛ ሆነው ተፋጠው ይቀራሉ።

በኦርጅናሉ ናኖ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ ኩባንያ ኤፍቲ232 ነው። ኡኖ አር3 ላይ ደግሞ ኤቲሜጋ16ዩ2 የሚባል ሌላ ማይክሮኮንትሮለር አለ። ርካሾቹ ኮፒዎች ላይ ባብዛኛው የምታገኘው ሲኤች340ን ነው፣ የቻይና ሥራ። ርካሽ ነው ማለት የማይረባ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለዋጋው ጎበዝ ቺፕ ነው። የራሱን ድራይቨር ብቻ ይፈልጋል።

እንግዲህ ቦርዱን ገልብጠው። ጀርባው ላይ 16 እግር ያላት ቺፕ ታያለህ። ጽሑፏ በዓይን ካልተነበበ የስልክህን ካሜራ ዙም አድርግና ከጎን መብራት አብራባት፣ ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን (የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር የሚታይበትን) ክፈትና ስክሪኑን እያየህ ቦርዱን ሰካ።

ከስሙ ጎን ቢጫ ምልክት ያለው ዕቃ ከመጣ ደስ ይበልህ፤ ቺፗ በሕይወት አለች፣ የጎደለው ድራይቨር ነው። ኢንተርኔት ካለህ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያመጡታል። ኔት በሌለበት ሰዓት እንዳትቸገር ግን ድራይቨሩን አንዴ ከአምራቹ ገጽ አውርደህ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው፣ ለጓደኞችህም ይተርፋል።

ስሙ "ያልታወቀ ዕቃ" ከሆነ ግን፣ ቢጫ ምልክት ቢኖረውም፣ ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር መሰካቱን አውቋል፣ "ማነህ?" ሲል ግን መልስ አላገኘም። ያኔ ብየዳው ላይ አተኩር። ሲኤች340ጂ ከሆነች አጠገቧ 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ የቺፗን ሰዓት የሚመታው፣ መኖር አለበት፤ ብየዳው የተሰነጠቀ ክሪስታል ይህንኑ ያደርጋል። መልቲሜትር ካለህ 4ኛዋን እግር ለካ፣ ቪ3 ትባላለች። ቦርዱ በ5 ቮልት ሲሠራ እዚያ ላይ 3.3 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለብህ። ዜሮ ካሳየህ ወይ እሷ ላይ ያለው ትንሹ ካፓሲተር ሾርት አድርጓል ወይ ቺፗ ሄዳለች።

ምንም ነገር ካልመጣ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር። ኬብል ላይ ከታች ሌላ ጥያቄ አለ፣ እሱን አንብበው።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፦ የሲኤች340 ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ግን አንድ የታወቀ ችግር አለ። ብርልቲቲ የሚባለው፣ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ስክሪን የሚያገለግለው ፕሮግራም፣ የሲኤች340ን ቁጥር (1ኤ86፣ 7523) ሲያይ የራሱ ዕቃ ይመስለውና ፖርቱን ይነጥቃል። ቦርዱ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። የብሬይል ስክሪን የማትጠቀሙ ከሆነ አንሱት፣ ይስተካከላል። ፖርቱ እየታየ "ፈቃድ የለህም" ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ ግቡ።

አንድ የመጨረሻ ፍተሻ ልስጥህ፣ እኔ በጣም የምወደው ነው። ፖርቱ መጣ እንበል፣ ፕሮግራም መጫን ግን እምቢ አለ። ጥፋቱ የማን ነው? የቺፗ ወይስ የማይክሮኮንትሮለሩ? ሪሴት የሚለውን እግር በሽቦ ከግራውንድ ጋር አገናኘው፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ዝም ይላል። ከዚያ መላኪያና መቀበያውን፣ ማለትም ቲኤክስና አርኤክስ የሚሉትን፣ በሌላ ሽቦ እርስ በርስ አገናኛቸው። የአርዱዪኖው ፕሮግራም ላይ ሰሪያል ሞኒተሩን ክፈትና "ሰላም" ብለህ ላክ። "ሰላም" ተመልሶ ከመጣ ኬብሉም፣ ድራይቨሩም፣ ቺፗም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከቺፗ ወዲያ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ጋ ነው። ዝም ካለ ግን ችግሩ ቺፗ ላይ ወይም ከእሷ ወዲህ ነው። አልቀይርም ያለህ ሻጭ ጋ ስትመለስም በግምት ሳይሆን ይህን አሳይተህ ብታወራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የስልክ ኬብል ለአርዱዪኖ ይሆናል? አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። መልኩ ግን አንድ ነው። (ከሽምብጥ)

መልስ፦ የማይሠራው ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ነው፤ የመረጃ ሽቦዎቹ ውስጡ የሉም። ስልክሽን በእሱ ከላፕቶፕ ጋር አገናኚው። ፋይል ማስተላለፍ የሚል ምርጫ ካልመጣ ለቦርድም አይሆንም። ምልክት አድርጊበት፣ ካለዚያ ነገም እሱኑ ታነሺዋለሽ።

ጥያቄ፦ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ። ተማሪዎቼ የራሳቸውን ቦርድ ከባዶ እንዲሠሩ እፈልጋለሁ፣ ከኮምፒውተር ጋርም እንዲያገናኙት። የትኛውን ቺፕ ብመርጥ ይሻላል? ወይስ ዩኤስቢ በውስጡ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ይቅለን? (መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርት፣ ተማሪ ከባዶ እንዲሠራ ማሰብዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ምርጫ ሲኤች340ሲ ነው። ከሲኤች340ጂ የሚለየው ክሪስታሉ በውስጡ መሆኑ ነው፤ አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሰልዎ ማለት ነው። በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊሜትር ስለሆነ ጀማሪም በእጁ ይበይደዋል። ኤፍቲ232አርኤል ጥሩ ቺፕ ነው፣ ግን 28 እግር በ0.65 ሚሊሜትር ርቀት ነው፣ ለጀማሪ እጅ ይከብዳል። ሲፒ2102 ደግሞ ጭራሽ የወጣ እግር የለውም፤ መገናኛዎቹ ከሥሩ ናቸው፣ ያለ ሙቅ አየር አይሞከርም።

ኤፍቲ232ን የሚገዙ ከሆነ የሚታመን ምንጭ ይፈልጉ፤ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ያወጣው የዊንዶውስ ድራይቨር አስመስለው የተሠሩትን ቺፖች የዕቃ ቁጥር ወደ ዜሮ ይለውጥ ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ሳያውቀው ዕቃው መሥራት አቆመበት። ኩባንያው ድራይቨሩን መልሶ ቢያነሳውም፣ በእኔ እምነት አጥፊውን ትቶ ገዢውን የቀጣ ሥራ ነው። ሳያውቅ የገዛ ሰው ምን አደረገ?

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ኤቲሜጋ32ዩ4፣ አርፒ2040፣ ኢኤስፒ32 ኤስ3 ዩኤስቢ በውስጣቸው አለ። ቦርዱ ኪቦርድ ወይም ማውስ እንዲሆን ከፈለጉ የግድ እንዲህ ያለውን ይምረጡ፤ ሲኤች340 ሰሪያል እንጂ ሌላ አይሆንም። ለማስተማሪያ ግን ተነጥላ የተቀመጠች ቺፕ ትሻላለች። የተማሪው ፕሮግራም ሲቆም ፖርቱ አብሮ አይጠፋም። ዩኤስቢ በውስጡ ባለው ላይ ፕሮግራሙ ከተበላሸ ፖርቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ከዚያ ተማሪው ኬብል ይቀይራል፣ ድራይቨር ያጠፋል፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ሳልረሳው፣ ቪ3ን ያስተውሉ። ቺፑን በ5 ቮልት ካሠሩት ቪ3 ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። በ3.3 ቮልት ካሠሩት ቪ3ን ከዋናው ኃይል ጋር ያገናኙት። ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት ነው የሚሠራው፤ 5 ቮልት የሚልክ መስመር በቀጥታ አይስጡት።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ሎጅ አለን። የሐይቁን ከፍታ የሚለካ አልትራሳውንድ ሴንሰር ጀልባ መቆሚያው ላይ ተክለናል። ላፕቶፑ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው፣ 40 ሜትር ይሆናል። ረጅም የዩኤስቢ ኬብል ቀጣጥለን ሞከርን፣ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙን በከፈትን ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ፦ ዩኤስቢ ለ40 ሜትር አልተሠራም። እነዚህ ቺፖች በሚጠቀሙበት ፍጥነት፣ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ማለት ነው፣ የኬብሉ ገደብ 5 ሜትር ነው። ቀጣጥላችሁ ያገኛችሁት መሥራት የዕድል ነው። መፍትሔው አርኤስ485፣ ለረጅም ሽቦ የተሠራ የሰሪያል ዘዴ፣ ነው። ሴንሰሩ ጋ ማክስ485 የምትባል ርካሽ ቺፕ፣ ቢሮ ጋ የዩኤስቢ አርኤስ485 አስማሚ፣ በመሃል እርስ በርስ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያሉት ጥንዶች በደንብ ያገለግላሉ፤ አንዱን ጥንድ ለመረጃ፣ ከሌላው አንድ ሽቦ ለግራውንድ። በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር አድርጉ። በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ይሄዳል፤ 40 ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። አስማሚውን ስትገዙ አይሶሌትድ (የሽቦውን ኤሌክትሪክ ከላፕቶፑ የሚለይ) የሆነውን ፈልጉ፣ ትንሽ ይወደዳል ግን ክረምት ላይ የጣና መብረቅ አይታመንም፣ ከውኃ ዳር የሚመጣ ሽቦ ደግሞ በቀጥታ ላፕቶፑ ውስጥ ነው የሚገባው። ዝናቡ ሲያስገመግም ንቀሉት።

ከዜሮ የሚጀምረው ቺፗ ስለተበላሸች አይደለም፣ እንዲያ ተብላ ስለተሠራች ነው። ፖርቱ ሲከፈት ዲቲአር የሚባለው መስመር ይወርዳል፣ በትንሽ ካፓሲተር በኩል ማይክሮኮንትሮለሩን ሪሴት ያደርገዋል። ፕሮግራም ሲጫን ይሄ ይጠቅማል፤ ቆጠራ ላይ ላለ ቦርድ ግን ጠንቅ ነው። በሪሴትና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፣ ፖሲቲቩ ወደ ሪሴት። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኑ ብቻ አውጡት። ወደ አርኤስ485 ስትዞሩ ግን ዲቲአር የሚባለው መስመር ስለማይሄድ ነገሩ በራሱ ይቀራል።

ያልጠየቃችሁኝን አንድ ነገር ልጨምር። አልትራሳውንድ ውኃና ቅጠል አይለይም። እምቦጭ ከሴንሰሩ ሥር ከገባ ድምፁ ቅጠሉ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ እናንተ ሐይቁ በአንድ ሌሊት ከፍ ያለ ይመስላችኋል። ሴንሰሩን ሰፋ ያለ የፒቪሲ ቱቦ ራስ ላይ አድርጉት፣ የቱቦው ሥር ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ጎኑን ዝቅ ብላችሁ ብሱት። ማዕበሉንም ያረጋጋላችኋል። ውኃ የማያስገቡት ሴንሰሮች ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ቅርብ ያለውን ነገር ስለማያዩ፣ ሐይቁ በሚሞላበት በመስከረምና በጥቅምት ውኃው እንዳይጠጋቸው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ጥያቄ፦ ሱቄ ውስጥ ያለው የሚዛን ማገናኛ ኬብል አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልሠራ አለ። አሮጌው ላይ ይሠራል። ስሙ ላይ "ከ2012 ጀምሮ የቆመ" የሚል ነገር ይጽፋል። (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ኬብልዎ ውስጥ ያለችው ቺፕ ፒኤል2303 ናት፣ የድሮው ዓይነት ወይም እሷን አስመስሎ የተሠራ። አልተበላሸችም። የአምራቹ አዲስ ድራይቨር የድሮዎቹን አይቀበልም፣ ያዩት ጽሑፍም ከእሱ የመጣ ነው (2012ቱ እ.ኤ.አ. ነው)። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ላይ ራስዎ እንዲመርጡ የሚያደርገውን መንገድ ይዘው አሮጌውን ስሪት ይምረጡ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ያለውን ሰው ይቅዳልዎ። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ መልሶ ሊቀይርብዎ ይችላል። ያ ሲደጋገም ሲኤች340 ወይም ኤፍቲ232 ያለበት የሰሪያል ኬብል ይግዙ፣ ሚዛኑን መቀየር አያስፈልግዎትም።