የጥለቱን ጀርባ አሳዪአቸው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። አሁን ከሱቁ ይልቅ የሚያበላኝ ቲክቶክና ቴሌግራም ነው፤ ደንበኞቼም አብዛኞቹ አሜሪካ ያሉ ናቸው። ቪዲዮ የሚሠራልኝ ልጅ «ሁሉንም የእጅ ሥራ ነው በይ፤ በሙዚቃ ተወዛወዢ፤ ተከታይም በገንዘብ ይገዛልሻል» ይለኛል። ከምሸጠው ውስጥ ግን የፋብሪካ ህትመት አለ። መወዛወዙም ተፈጥሮዬ አይደለም፣ እናቴ ብታየኝ ታዝናለች። እንዲህ ያደረጉ ጎረቤቶቼ ግን ገበያቸው ደርቷል። ሳልዋሽ ስሜን መትከል እችላለሁ?
ልብስ ሻጯ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ትችያለሽ፣ እህቴ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ የሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ መርገጫውን እየረገጠ ሲሸምን፣ እናቴ ማጉን በእንዝርት ትፈትልለት ነበር። የታተመ ጨርቅ በእነሱ ድካም ስም ሲሸጥ ሳይ ያመኛል፤ ለዚህ ነው ጥያቄሽን ደጋግሜ ያነበብኩት።

ሽሮ ሜዳ ድረስ የመጣ ገዢ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ይገለብጣል፣ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ሜሪላንድ ያለችው ደንበኛሽ ይህን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ በቪዲዮሽ የእሷን እጅ ሁኚላት። ጥለቱን ገልብጠሽ ጀርባውን አሳዪ፤ የእጅ ሥራ ከሆነ ክሩ ከኋላም ይታያል፣ የታተመ ከሆነ ጀርባው የፈዘዘ ወይም ባዶ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፤ ይህን በቅርበት ቅረጪው። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ ለኩሺ። ጥጥ ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ይህን ሁሉ ለማሳየት እጅሽና ድምፅሽ ይበቃሉ። መወዛወዙን ተዪው፤ የእናትሽን ፊት ማሰብሽ ትክክል ነው።

ህትመቱን መሸጥ ነውር የለውም። ለልጇ የትምህርት ቤት በዓል ርካሽ ቀሚስ የምትፈልግ እናት አለች። ብቻ «ይህ ህትመት ነው» ብለሽ ጻፊበት። ዋጋውንም እዚያው አስቀምጪ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሲባል ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ለእኔ ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የመላኪያውን ሒሳብ ለብቻው ጻፊ።

ሕጉንም እወቂው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ስለ ዕቃው ምንነትና ጥራት ሰውን ማሳሳትን ይከለክላል። የተገዛ ተከታይ ደግሞ ቀሚስ አይገዛልሽም፤ ቲክቶክም ራሱ ይከለክለዋል።

አሁን አንቺ ወዳልጠየቅሽው ልሂድ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነውና። ልብሱን የሠራው ማነው? ሸማኔውን ከመቅረጽሽ በፊት አስፈቅጂው፤ ስሙ እንዲጠራ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቂው። አንዳንዱ በደስታ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ቤቱ ለሰው እንዲታይ አይፈልግም። የተጎሳቆለ ግድግዳውን ለማሳዘኛ አትጠቀሚበት፤ ጥበቡን አሳዪለት። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መኖሩ ለዓመታት የታወቀ ነው። ስለዚህ በደላላ ብቻ አትረከቢ። ሳትነግሪያቸው ሥራው ቦታ ሄደሽ እዪ። ትምህርት ቤት መዋል የሚገባው ልጅ መወርወሪያ ይዞ ካገኘሽ፣ ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከዚያ አትግዢ። የእጅ ሥራ እያልሽ ስምሽን የምትሰጪበት ልብስ የማን እጅ እንደሆነ ሳታውቂ እንዴት ትናገሪያለሽ?

ፈተናው የሚበረታብሽ በዓል ሲቃረብ ነው። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲደርሱ ትዕዛዝ ይበዛል፣ ሸማኔው ሌሊቱን ጭምር እንዲሠራ ይገፋል፣ ያልደረሰው ደግሞ በህትመት ይተካል። ከአሁኑ የትዕዛዝ መዝጊያ ቀን ቁረጪና ቴሌግራም ቻናልሽ አናት ላይ ለጥፊው። ቀኑን የምትቆርጪው ከሸማኔው ጋር ተነጋግረሽ ይሁን። ካለፈ በኋላ የምትጽፍልሽን ደንበኛ «ለዚህ በዓል አይደርስም፤ ከፈለግሽ ለሚቀጥለው እይዝልሻለሁ» በያት። ወደ ጎረቤትሽ ብትሄድም ትሂድ።